ሙክት ራሱን ገዛ አይባልም

በገጠር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ወጠጤ ፍየል አጥር ይጥሳል፤ ከመሰሉ ጋር ሲዋጋ ይውላል፤ ሴቷን ሲያሳድድ መብላት ይረሳል። ገበሬው ካኮላሸው በኋላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ እንስሳ ይሆናል። ይረጋጋል፣ ይበላል፣ ይሰባል፤ ስሙም ተለውጦ ሙክት ይባላል። ለበዓል ገበያ ሲቀርብ ዋጋው የሚጠራው በስቡ ነው። "ይህ ሙክት ራሱን የገዛ፣ ጠባዩ የተመሰከረለት ነው" ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1849 ጎቲንገን በምትባል የጀርመን ከተማ አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ምሁር ይህንኑ በአውራ ዶሮዎች ላይ ሞከረው። የተኮላሹት ዶሮዎች መጮህ ተዉ፣ መዋጋት ተዉ፣ ሴቶቹን ማሳደድ ተዉ። ከዚያ የዘር ፍሬ ወደ አንዳንዶቹ ሆድ ውስጥ መልሶ ከተተ፤ ከቀድሞ ቦታው ሳይሆን ሌላ ስፍራ ላይ፣ የቀድሞው ነርቭ ተቆርጦ ሳለ። ዶሮዎቹ እንደገና ጮኹ፤ እንደገና ተዋጉ። ስለዚህ ከዘር ፍሬው የሚወጣ አንድ ነገር በደም እየተጓዘ መላውን አካል ያዝዛል ማለት ነው። ያ ነገር ዛሬ ቴስቶስትሮን የምንለው ሆርሞን ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ዶሮ ለመጨዋወት አይደለም። በአንድ የወጣቶች ጉባኤ የጥያቄና መልስ ሰዓት ላይ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ከሳጥኑ ወጣ። ጸሐፊው እንዳይታወቅ ቃላቱን ለዋውጬዋለሁ፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነበር፦ ወንድ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በድብቅ የሴት ልብስ የመልበስ ምኞት ያስቸግረኛል፤ የሴት ሆርሞን ወይም አንዳንድ ዕፀዋት ቢወሰዱ ምኞቱ ይበርዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ብወስድ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ? ደግሞስ ለእጮኛዬ ልንገራት ወይ? መድረክ መሪው የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበበ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ወረቀቱ ታጠፈ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ተነበበ። የጻፈው ልጅ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሚስቁት መካከል ተቀምጦ ነበር። ምናልባትም አብሮ ስቋል።

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከባድ ጥያቄ ስለሆነም ጭምር ነው፤ ከኀፍረቱ ገለል አድርገን ብናየው ስለ ነፍስና ሥጋ ከሚጠየቁት ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ኪኒን ምኞትን ካበረደ፣ ያ ምኞት ከመጀመሪያውኑ ምን ነበር? ደም ብቻ ነበር? ልብ ነበር? እኔ ነበርኩ?

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግምት ከመንገዳችን እናንሣ። የሴት ልብስ የመልበስ ምኞት ያለበትን ወንድ ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያው ወንድን የሚመኝ ሰው ነው ብለን እንደመድማለን። እ.ኤ.አ. በ1910 የበርሊኑ ሐኪም ማግኑስ ሂርሽፌልድ 17 ሰዎችን መርምሮ ስለዚህ ምኞት ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ከመረመራቸው ወንዶች ብዙዎቹ ሴት የሚወዱ ነበሩ፤ ትዳር የያዙም ነበሩባቸው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለባበሱን ብቻውን በሽታ አይለውም፤ የሐኪም ጉዳይ የሚሆነው ሰውየውን ሲያስጨንቀው ወይም ኑሮውን ሲያናጋው ነው ይላል። በሽታ አይደለም ማለት ከእግዚአብሔር ቃል አንጻር ጥያቄ የለበትም ማለት አይደለም። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የምንፈርድበትን ነገር በስሙ መጥራት አለብን።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ወንድ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሲወስድ፣ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን እንዳለ ትቆጥርና ለዘር ፍሬው የምትልከውን ትእዛዝ ትቀንሳለች። ቴስቶስትሮን ይወርዳል። ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ወሲባዊ ፍላጎት ይቀዘቅዛል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጡት ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ እድገቱም እስከ 2 እና 3 ዓመት ይቀጥላል። የዘር ፈሳሹ ፍሬያማነት ይቀንሳል። ሰውነት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰውየው በየትኛው ሐሳብ እንደወሰደው አይጠይቅም።

ታዲያ የሴት ልብስ የመልበሱ ምኞትስ? እዚህ ላይ ምኞቱ ከአንድ ክር ብቻ የተፈተለ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ክር ወሲባዊ ግለት ነው፤ ድንገት የሚነሣ፣ የሚያስገድድ፣ ካለፈ በኋላ ጸጸት ጥሎ የሚሄድ። ሁለተኛው ክር ጸጥ ያለ ነው፤ ዕረፍት ፍለጋ፣ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው መሆን፣ ለስላሳ ነገር መንካት፣ ከወንድነት ሸክም ዞር ማለት። በአንዱ ሰው የመጀመሪያው ይበረታል፣ በሌላው ሁለተኛው፤ በብዙዎቹ ሁለቱ ተገምደው ይገኛሉ። በኒው ዮርክ ለረጅም ዘመን የሠራው የሆርሞን ሐኪም ሃሪ ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኤስትሮጅን ወሲባዊውን ግፊት ቀንሶ እንዲህ ያሉ ሰዎችን እንደሚያረጋጋቸው ጽፏል። ይህ የመጀመሪያውን ክር ይመለከታል። ሁለተኛው ክር ግን ሆርሞን ስለተቀነሰበት አይበጠስም። እንዲያውም ጩኸቱ ሲቀንስ፣ ከሥሩ የነበረው ዝቅተኛ ድምፅ በግልጽ የተሰማቸው ሰዎች አሉ። ግለቱ ጠፍቶ ልብሱን መውደዱ የቀረላቸው፣ ደግሞም ግለቱ ሲጠፋ ልብሱም ትርጉም ያጣባቸው አሉ። መድኃኒቱ ሲቆም የቴስቶስትሮኑ መጠን ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፤ አብሮትም የቀድሞው ግለት።

ሌላ ማስረጃ ከሆስፒታል እናምጣ። ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 በቺካጎ የፕሮስቴት ካንሰር ቴስቶስትሮን ሲነሣው እንደሚሟሽሽ አሳየ፤ በዚህም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌላቸው አባቶች ኤስትሮጅን ወይም ቴስቶስትሮንን የሚያግድ መድኃኒት ወስደዋል። ሰውነታቸው በድንገት ይግላል፣ ጡታቸው ያማቸዋል፣ የሩካቤ ፍላጎታቸው ይሞታል። ነገር ግን ማለዳ ተነሥተው የባለቤታቸውን ቀሚስ አይመኙም። ሆርሞን የምኞትን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ምን እንደምንመኝ አይመርጥልንም። ራዲዮ ላይ ድምፅ መቀነሻውና ጣቢያ መቀየሪያው የተለያዩ ቁልፎች እንደሆኑ ሁሉ።

ስለ ዕፀዋቱ ረጅም ነገር አያስፈልግም። በገበያ ላይ ጡት ያሳድጋል፣ ወንድን ያለሰልሳል እየተባለ ከሚሸጠው አንዱ የእኛው አብሽ ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ከማር ጋር መትተው የሚሰጡን አብሽ! የሚገርመው፣ በሌላ ማሸጊያ ደግሞ ይኸው አብሽ የወንድ ኃይል ይጨምራል ተብሎ ለስፖርተኞች ይሸጣል። ያው ፍሬ፣ ሁለት ተቃራኒ ተስፋ፣ ሁለት ዋጋ። የወሬው ምንጭ አብሽ ውስጥ ዲዮስጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር በ1940ዎቹ ከሜክሲኮ የዱር ሥራሥር ያገኘውን ይህን ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ወደ ሆርሞን ለውጦታል። ሆዳችን ግን ላቦራቶሪ አይደለም፤ ያንን ለውጥ ማካሄድ አይችልም። ቢችል ኖሮ እልበት የሚወድ ወንድ ሁሉ ጉድ በፈላበት ነበር። ሊቆሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ደግሞ ቴስቶስትሮን ይቀንሳል ይባልለታል፤ እርግጠኛው ነገር ግን አብዝቶ የሚወስደውን ሰው የደም ግፊቱን ከፍ አድርጎ ፖታሲየሙን ማውረዱ ነው። ከታይላንድ የሚመጣው ፑዌራሪያ ሚሪፊካ ኤስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገር በእርግጥ አለው፤ በየጥቅሉ ስንት እንዳለ ግን ገዢው ማወቂያ የለውም። በጥቅሉ፣ ዕፁ ካልሠራ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከሠራም ያለ ሐኪም ሆርሞን መውሰድ ነው።

ያለ ሐኪም ሆርሞን መውሰድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኘውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ደብቆ የሚውጥ ወንድ፣ በተለይ ካጨሰ፣ እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። አንዴ ያደገ ጡት ኪኒኑ ስለቆመ አይመለስም፤ ያለ ቀዶ ሕክምና አይጠፋም። ልጅ የመውለድ ዕድሉም ላይመለስ ይችላል። እዚህ ላይ ያለውን መራራ ምጸት አስተውሉት፦ የሴት ልብስ ምኞቱን ለመግደል ብሎ የወሰደ ልጅ፣ ምኞቱ ሳይሞት ጡት ያበቅላል። ይህን እያነበብክ በድብቅ የምትወስድ ካለህ፣ ዛሬ ማንንም ሳትፈራ ወደ ሐኪም ሂድና የወሰድከውን ስሙን ከነመጠኑ ንገረው። ሐኪሙ ዘንድ መሄድ ንስሐ አይደለም፤ ደምህን ማስመርመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በእኛ መካከል ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ሁሉን መንፈስ ያደርገዋል፦ "ይህ ርኩስ መንፈስ ነው፤ ይገሠጽ፤ ይወጣል።" ሌላው፣ በተለይ ኮሌጅ የገባን ሰዎች የምንወደው፣ ሁሉን ኬሚካል ያደርገዋል፦ "ሆርሞን ነው፤ ኃጢአት የሚባል ነገር የለም፤ መጠኑን አስተካክል።" ሁለቱም ሰውን ግማሽ አድርገው ያዩታል። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም። እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶም እንደገና ተኛ። ጥያቄው የመጣው በኋላ፣ በኮሬብ ነው። ሥጋው ቀድሞ ተስተናገደ፤ ግን እንጎቻው ጥያቄውን አልተካውም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው፣ ሥጋን መንከባከብ መንፈሳዊነትን መካድ አለመሆኑን፣ ሥጋን ማረጋጋትም የልብን ጥያቄ መመለስ አለመሆኑን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ ይህን ጥያቄ ዛሬ አይደለም የተገናኘችው። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደጻፈው፣ የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን በወጣትነቱ በማቴዎስ 19 ላይ ስለ ጃንደረቦች የተነገረውን ቃል በቀጥታ ወስዶ ራሱን ሰለበ። አንዳንድ የዛሬ ምሁራን ታሪኩን ይጠራጠሩታል፤ ሌሎች ግን እንዲህ ማድረጋቸው አያጠራጥርም፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የመጀመሪያ ቀኖናቸው አድርገው የወሰኑት ስለዚህ ነበርና። በሐኪም እጅ በሕመም ምክንያት የተሰለበ፣ ወይም በጨካኞች ወይም በጌቶቹ የተሰለበ ሰው በአገልግሎቱ ይቀጥል፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በራሱ ላይ ያደረገው ግን ከአገልግሎት ይገለል አሉ። ልብ በሉ፤ የሦስቱም ሰዎች አካል ያው ነው። በሦስቱም ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ያው ነው። አባቶች የለዩት በአካሉ አይደለም፤ ሰውየው በገዛ ሥጋው ላይ ባደረገው ነገር ነው። ጌታ ክፉ ሐሳብ ከልብ ይወጣል ሲል፣ ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሥጋን መጨቆን የሥጋን ምኞት ለመግታት አቅም እንደሌለው ሲጽፍ፣ ቢላዋ የሚደርስበትን ጥልቀት እየለኩልን ነው።

ስለዚህ ለወረቀቱ ጸሐፊ የምመልሰው እንዲህ ነው። በሐኪም ምክር፣ በነጻ ፈቃድህ፣ ጉዳቱን አውቀህ፣ ከሚያስጨንቅህ ግፊት ፋታ ለማግኘት የታዘዘልህን መድኃኒት ብትወስድ ኃጢአት ነው አልልህም። ከመጠጥ ለመላቀቅ አንታቡስ የሚውጥ ወንድማችንን እምነት አነሰህ አንለውም። ነገር ግን ምኞትህን ስሙን እንኳን ለመጥራት ፈርተህ፣ ማንም ሳያውቅ፣ በጓዳ በኪኒን ልትቀብረው ከሆነ፣ ያ ኦሪጀን አደረገው የተባለው በሌላ መልኩ ነው። ደግሞም ምኞቱን ለመግደል ሳይሆን ለመመገብ፣ ሰውነትህን ወደ ልብሱ ለማስጠጋት ብለህ ከሆነ፣ ለራስህ እውነቱን ንገር፤ አንድ ኪኒን ሁለቱንም ሐሳብ ይሸከማል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም።

በምዕራቡ ዓለም፣ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ጭምር፣ ከተወለዱበት ጾታ ጋር የማይስማማ ጽኑ ስሜት ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ሆርሞን በሐኪም ክትትል ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹም እፎይታ እንዳገኙ ይናገራሉ። ያ ከወረቀቱ ጥያቄ የተለየ ጉዳይ ነው። ሰው ወንድና ሴት ሆኖ ስለመፈጠሩ የማምነው ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን ነው። ሥቃዩን የሚናገርን ሰው ግን ውሸታም ማለት ከዚህ ትምህርት የሚወጣ አይመስለኝም።

ማስገደድ ሲመጣ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክቶች ከፈቱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከወንድ ጋር በፈጸመው ግንኙነት ተከሶ እስር ቤት ወይም የኤስትሮጅን ሕክምና ምረጥ ተባለ። ለአንድ ዓመት ስቲልቤስትሮል ተሰጠው። ጡት አበቀለ፤ ፍትወቱ ደከመ፤ የፍቅሩ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም። በ1954 በ41 ዓመቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ፤ መርማሪውም ራሱን አጥፍቷል አለ። መንግሥት በ2013 ምሕረት አደረገለት፤ ከሞተ 59 ዓመት በኋላ። ስለ ድርጊቱ የምናምነውን ይዘን እንኳን፣ ያ ፍርድ ቤት ሰውን ሊለውጥ አስቦ ሙክት ሊያደርገው እንደሞከረ መናገር እንችላለን። ልጃቸውን በጸበልም በኪኒንም በዱላም "እናስተካክለው" የሚሉ ወላጆች፣ የእኛዎቹም ቢሆኑ፣ ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ታላላቆቼ አይቀየሙኝ። ቴስቶስትሮን ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ በዝግታ እየቀነሰ ይሄዳል። የ70 ዓመት አባት ከ20 ዓመት ልጅ ይልቅ ረጋ ያለው ከፊሉ በጸጋ ነው፣ ከፊሉም በዕድሜ ነው። ስለዚህ በእርጅና የመጣልንን ጸጥታ እንደ ቅድስና ማስረጃ ይዘን የወጣቱን ትግል ባንንቅ መልካም ነው። የእርሱ ከበሮ ጮክ ብሎ ይመታል። ራስን መግዛት በገላትያ መልእክት ከመንፈስ ፍሬ ጋር የተቆጠረው ከበሮው እየተመታ እያለ ላለመዝለል ለሚወስን ሰው ነው። ከበሮው በኪኒን ወይም በዕድሜ ዝም ካለ እግዚአብሔርን እናመስግን፤ በዳንሱ አለመውጣታችን ግን አያስመካንም። በተቃራኒውም፣ ጾሞ ጸልዮ ድምፁ ያልቀነሰለት ወንድም የተጣለ አይደለም። ጳውሎስ እሾሁ እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ የእሾሁ መውጣት አልነበረም። ጌታችን ራሱ ተፈትኗል፤ መፈተን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የዕብራውያን ጸሐፊ ያለ ኃጢአት ነበር ባላለም ነበር።

"ዘዳግም 22 ላይ ያለውስ?" የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ታዝዟል። ሕጉ ግን ስለ ስፌት አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሁለቱም ረጅም ልብስ ይለብሱ ነበር፤ በእኛም አገር አንዱን ጋቢ ባልም ሚስትም ይደርቡታል፤ የስኮትላንድ ወንድ ጉርድ የመሰለ ልብስ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል። ሕጉ የሚጠብቀው እግዚአብሔር የለየውን ማንነት በማስመሰል አለመካድን ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ሕጉን ማላላቴ አይደለም፤ እንዲያውም ጥያቄው ጠበቀ። ልብሱን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ማቃጠል ቀላል ነው፤ ብዙዎች አቃጥለው በወሩ እንደገና ገዝተዋል። የሚከብደው፣ ልብሱ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያገኝ መጠየቅ ነው። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ተብሎ ያደገ፣ አባቱ አንድ ቀን እንኳን ያላቀፈው ልጅ፣ ለስላሳ መሆን የሚፈቀድለት የእኅቱን ሻሽ ሲያስር ብቻ ከሆነ፣ ይህን ለአንድ ሰው መናገር መቻል አለበት። የምኞቱ መንሥኤ ይህ ነው እያልኩ አይደለም፤ መልካም አባት ያላቸውም ይታገሉበታል። ግን ዳዊት እያለቀሰ ይዘምር እንደነበር፣ ዮሐንስ በጌታ ደረት ላይ ተጠግቶ እንደነበር የሚያምን ኅብረት፣ ወንድ ልጅ ለስላሳ ለመሆን ተደብቆ መልበስ የማያስፈልገው ቦታ መሆን ነበረበት።

እጮኛህን በተመለከተ፦ ንገራት። ከሠርጉ በፊት ንገራት። "ካገባ ይተወዋል" የሚሉ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ ሂርሽፌልድ ከመቶ ዓመት በፊት የመረመራቸው ባለትዳሮችም ያው ምኞት ነበረባቸው። "ኪኒን ጀምሬያለሁና ጠፍቷል" ብለህም አትንገራት፤ የቀነሰው ድምፁ ሊሆን ይችላልና። ሆርሞን ወስደህ ከሆነ ይህንንም ጨምር፤ ልጅ መውለድን የሚነካው የእርሷን ሕይወት ጭምር ነው። በስልክ አትንገራት፤ በጽሑፍ መልእክትም አይሁን። ምሥጢር በመጠበቅ የተመሰከረላቸው ባልና ሚስት አገልጋዮች ካሉ፣ እርሷ ከፈለገች አብረው ይቀመጡ። እንደ ወንጀለኛ አትንበርከክላት፤ እንደ ቀልድም አታቅልለው። ልታለቅስ ትችላለች፤ ልትቆጣ ትችላለች፤ አላገባህም ልትል ትችላለች፤ ሦስቱም መብቷ ናቸው። ይህን ለማንም እንዳትናገር ለመጠየቅ መብት አለህ፤ መልሷን ለማስቸኮል ግን የለህም። አንድ ሳምንት ብትል አንድ ሳምንት፣ ሦስት ወር ብትል ሦስት ወር ስጣት፤ የሠርጉ ካርድ ታትሞ አዳራሹ ተከፍሎበትም ቢሆን።